ሁለቱ ሃያ ሰባቶች

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1947 ዓ.ም.

ፋሲካ አልፎ ሥራ ተጀመረ። ሙቀቱ ግን በዓል አያውቅም። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ። ወረቀቱም ከክንዴ ጋር ይጣበቃል። ደብዳቤ ስጽፍ ከክንዴ ሥር ፎጣ አነጥፋለሁ። አለቃዬ አቶ ወሰኔ "የክንፈ ምንጣፍ" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። በዚህ ወደብ እንደኔ ንጹሕ ጽሕፈት የሚጽፍ የለም።

ባሕሩ ላይ ሁለት መርከብ አለ፤ አንዷ የኖርዌይ፣ አንዷ የግሪክ። ወደ ዳር መጠጋት ስለማይችሉ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ጭነቱ በጠፍጣፋ ጀልባ ይመላለሳል። ሐሙስ ደግሞ ሮዛልባ የምትባል የጣሊያን መርከብ ትገባለች። ቡና ልትጭን።

ከእማዬ ደብዳቤ መጣ። የጻፈላት የሰፈራችን ዲያቆን ነው፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው፤ ሳነበው ድምፅዋ ይሰማኛል። "በነጻነት ቀን የጣሊያን መርከብ ሳይቀር ባንዲራችንን ከላይ ይሰቅላል ብለህ የጻፍክልኝ እውነት ነው? እውነት ከሆነ በዓይኔ አያለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሚወርድ መኪና እመጣለሁ።"

በጥር የጻፍኩላት ነው። ጉራ ነበር… ግማሹ ጉራ። እዚህ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ሚያዝያ ሃያ ሰባትን በአሰብ አላየሁም። የሰማሁትን ነው እንዳየሁ አድርጌ የጻፍኩት።

አሁን እናቴ ከደሴ ልትመጣ ነው። ምን አፌን በላኝ?


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12

ለመርከቦቹ የሚላከውን የበዓል ማስታወቂያ እኔ እንድጽፍ ታዘዝኩ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ አቶ ወሰኔ ሲያጸድቁት በጣሊያንኛ።

የባሕሩ ደንብ እንዲህ ነው። የውጭ መርከብ ወደባችን ሲቆም ትንሿን ባንዲራችንን በጎን በኩል ሁልጊዜ ይሰቅላል። ያ እንደ "ጤና ይስጥልኝ" ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። በበዓላችን ቀን ግን ትልቁን ባንዲራችንን ከዋናው ምሰሶ ጫፍ ያወጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍም ባለቀለም ጨርቅ በገመድ ይደረድራል። ግዴታ የለበትም። እኛ ቀኑን እናሳውቃለን፤ ማክበር የሱ ፈንታ ነው።

እኔም በአማርኛው ላይ የቀኑን ትርጉም ጨመርኩበት። ሦስት መስመር ብቻ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጠላት አዲስ አበባ መግባቱን። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ጃንሆይ በድል አዲስ አበባ መመለሳቸውን። ወሩም ዕለቱም አንድ መሆኑን። ስጽፈው እጄ አላረፈም። አምስት ዓመት ሙሉ ቀኑ የነሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የኛ ሆነ። ይሄ በሦስት መስመር መጻፉ ራሱ ያኮራል።

አቶ ወሰኔ አነበቡት። ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። ሦስቱንም መስመር ሰረዙ።

"ነገ የጣሊያን መርከብ ይገባል። እንግዳን የተጣላንበትን ቀን እያስታወስክ ትጋብዘዋለህ?"

"የበዓሉ ትርጉም ነው፣ አቶ ወሰኔ።"

"ትርጉሙን እኛ እናውቀዋለን። ለሱ ቀኑ ይበቃዋል። ደግሞ በመንግሥት ወረቀት ላይ ባንዲራ አይባልም፤ ሰንደቅ ዓላማ በል።"

ተናድጄ ወጣሁ። ጣሊያንኛውን በንዴት፣ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። ባዶ ደብዳቤ። "ብሔራዊ በዓል ስለሆነ" እና ቀን… በቃ። ጣሊያንኛ የለመድኩት በጠላት ጊዜ፣ ደሴ፣ ጋራዥ ውስጥ ጎማ እያጠብኩ ነው። ተሰድቤ የተማርኩትን ቋንቋ እነሱን በጨዋ ቃል ለመጋበዝ አዋልኩት። ይሁን።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 14

ማስታወቂያውን ለሦስቱም መርከቦች አደረስኩ። ሮዛልባ ትላንት ገብታለች። የሞተር ጀልባችን ነጂ ዓሊዪ ዒድ ከምትባል የባሕር ዳር መንደር የመጣ ነው፤ አፋር፣ ሽማግሌ፣ ቃል የሚቆጥብ። ስንሄድም ስንመለስም አልተናገረም።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 19

ይሄን በምን እጄ ልጽፈው?

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ስገባ ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ያያል። ሦስቱም መርከቦች አሸብርቀዋል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ጨርቅ ከአፍንጫ እስከ ጭራ… ከሦስቱም ምሰሶ ጫፍ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። የሮዛልባ ደግሞ ከሁሉም ትልቅ ነው። እንዴት ያምራል! አንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ደደብ ነኝ፣ ደስ አለኝ።

ከተማው ተሸበረ። አንዱ ጃንሆይ በመርከብ ሊመጡ ነው አለ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘጋ። ፖሊሶቹ ጫማቸውን ሊያስጠርጉ ሮጡ። ከበደች፣ ምሳ የምታበላን ሴትዮ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃችን መጣች። ዛሬ ገብርኤል ነው፤ "ኖርዌዮችም ገብርኤልን ያከብራሉ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከአስተዳደሩ ስልክ ተደወለ። ማን ሊመጣ ነው? ለምን እኛ አልተነገረንም?

አቶ ወሰኔ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ዞረውም አላዩኝ።

"ክንፈ፣ ዛሬ ስንት ነው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"በነሱስ?"

ግድግዳው ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ አለ፤ የኛና የነሱ። ጎን ለጎን። የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ። የነሱን አየሁ። አፕሪል 27።

ቀን ከኛ ወደነሱ፣ ከነሱ ወደኛ ስቀይር የምውል ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ነው። የዚያን ዕለት በንዴት ሚያዝያን አፕሪል ብዬ፣ ሃያ ሰባቱን ሃያ ሰባት ብዬ ጻፍኩት። የኛ ሚያዝያ 27 በነሱ ሜይ 5 ነው። በስምንት ቀን አስቀደምኩት። የነጻነትን ቀን!

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 20

አቶ ወሰኔ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። እሳቸውም ፈርመውበታል፤ ያ ነው ያሳፈራቸው። "በየመርከቡ ትሄዳለህ። ራስህ፣ በአፍህ። ስህተቱን ትናገራለህ፣ ትክክለኛውን ቀን ትነግራቸዋለህ፣ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ሁለተኛ ይስቀሉ አይስቀሉ እነሱ ያውቃሉ።"

ሁለተኛ ባይሰቅሉስ? በአንድ ሳምንት ሁለቴ ማን ያሸበርቃል?

እማዬ ሰኞ ትደርሳለች። ሦስት ቀን ሙሉ በመኪና ተንገላታ… ለአንድ ነገር። ምን ላሳያት ነው?


ዓርብ፣ ሚያዝያ 21

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ወጣሁ።

ኖርዌዩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም እሰቅላለሁ፣ ባሕረኞቼ ሥራ ፈተዋል አለ። ግሪኩ እሑድ እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ ሸኘኝ።

ሮዛልባ መጨረሻ። የመርከቧ አዛዥ ሃምሳ ዓመት አይሞላውም፤ ፀጉሩ ግን ነጭ ነው። ጨዋ ሰው። የሎሚ ውሃ አስቀረበልኝ። ስህተቱን ስነግረው እሱም ፈገግ አለ። እንግዲህ ለማንም ያልሆነ በዓል አከበርኩ ማለት ነው አለኝ። ታዲያ ትክክለኛው ቀን መቼ ነው?

"ሜይ አምስት" አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሜይ አምስት" አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ያውቀዋል። ቀኑን ያውቀዋል! ለካ አፕሪል ሃያ ሰባት ለሱ እንደማንኛውም ቀን ነበር… ሜይ አምስት ግን አይደለም። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ማታ በከተማቸው ያለ ደወል ሁሉ ተደወለ። አዲስ አበባ ተያዘች ተባለ። ሰው ሁሉ አደባባይ ወጣ። እሱም ወጥቶ ጨፈረ፤ አልሸሸገኝም። "ወጣት ነበርኩ" አለ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም።

እኔም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አልኩና ሁሉንም ነገርኩት። እናንተ በደወላችሁበት ማታ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ አልኩት። አባቴ ሣህሉ ጠመንጃውን ይዞ በረሃ እንደወጣ፣ በሦስተኛው ዓመት እዚያው እንደቀረ። ለሽፍታ ማልቀስ ክልክል ስለነበር እናቴ ሞቱን ሰምታ ለቅሶ እንዳልተቀመጠች። በአምስት ዓመቱ ደግሞ በዚያው ዕለት ጃንሆይ አዲስ አበባ እንደገቡ፣ እናቴም ያን ጊዜ ገና ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደለበሰች። በገዛ ቋንቋው፣ ቃል ሳይጠፋኝ። ደረቴን ነፍቼ ነው የተናገርኩት።

ደብዳቤዬን ከጠረጴዛው አነሣ። ከዚያ…

"ይሄ በደብዳቤው ላይ አልነበረም።"

"አልነበረም።"

"ለምን?"

"እንዳይከፋዎት ተብሎ።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ትላንት ወዲያ ሳላውቅ ሰቀልኩ። ቀላል ነበር። አሁን ዐውቄ እንድሰቅል ነው የምትጠይቀኝ።"

"አዎ።"

"ይከብዳል" አለኝ። ደግሞም ጭነቱ ሜይ 4 ያልቃል፤ የዚያኑ ዕለት ማታ መሄድ ይችላል። እሰቅላለሁም አልሰቅልምም አላለኝም። እስከ መሰላሉ ሸኘኝ፣ እጄን ጨበጠኝ።

ስንመለስ ዓሊዪ ሞተሩን አጠፋ። ጣሊያኑ ምን አለህ ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በእጁ ወደ ዳርቻው አሳየኝ። አያቱ ወጣት ሳለ በዚያ በኩል አንድ ጣሊያን ከመርከብ ወርዶ ከአፋር ሹሞች ጋር ተዋዋለ አለኝ። ለመርከብ ማቆሚያ የምትሆን ትንሽ መሬት ብሎ… ከዚያ ወዲህ ነው ሁሉም የመጣው። ዓሊዪ ከዚያ በላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"እናንተ አምስት ዓመት ትቆጥራላችሁ" አለኝ። "እኛ ሰባ ዓመት እንቆጥራለን።"

ሞተሩን አስነሣ። እኔ ግን ቃሉን ይዤው ገባሁ። የበዓሉን ትርጉም የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጠላት መጀመሪያ የገባበት በር ይሄ ነበር። የኖርኩበት፣ የማማርርበት፣ ላቤን የሚያፈሰው ይሄው ዳርቻ።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 22

ሰባ ዓመት… አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

እማዬ ደረሰች። ከትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ላይ፣ ከጤፍ ጆንያ መሐል፣ አቧራ መስላ ወረደች። ሳመችኝ። ከስታሃል አለች። ከዚያ ባሕሩን አየች፤ ረጅም ጊዜ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ቀመሰችው።

"ይሄ ሁሉ ውሃ ጨው ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"ታዲያ ይሄማ ብክነት ነው" አለች። ነጂው በሳቅ ሞተ።

ስህተቴን አልደበቅኳትም። መደበቅ አስቤ ነበር… ዓይኗን ሳይ አልቻልኩም። "የመድኃኔዓለምን ዕለት የሚያስት ምን ዓይነት ትምህርት ነው? እኔ ፊደል ሳልቆጥር ሃያ ሰባት ተሳስቶብኝ አያውቅም።" ልክ ናት። እሷ ቀን የምትይዘው በቅዱሳን ነው፤ መድኃኔዓለምን ወደ ገብርኤል የሚያመጣ ሰው የለም።

ራት ላይ ሰዒድ መጣ። ሰዒድ የጫኞቹ ካቦ ነው፤ አርባ ሰው በሱ ፉጨት ይሠራል። የባቲ ሰው ስለሆነ ከወሎ ሰው መጣ ሲባል አያስችለውም። ለእማዬ ቴምር አመጣላት። ከሷ ጋር ስለ ባቲ ገበያ ሲጫወት ቆየና ወደኔ ዞረ። የሮዛልባን ነገር ሰምቷል። ወደቡ ሁሉ ሰምቷል።

"ሐሳብ አይግባህ" አለኝ። "መርከቧ ረቡዕ እንዳትጨርስ ማድረግ በኔ እጅ ነው። አንድ ጀልባ ተበላሸ እላለሁ። ሁለት ሰው ታመመ እላለሁ። ሐሙስን እዚሁ ትውላለች። ባንዲራ ካልወጣ ጭነት የለም ሲባል ማሸብረቁ አይቀርም፤ ያኔ የሚለምነው እሱ ነው። ወላሂ፣ መዘግየት እንደሆነ የወደብ ሰው ያውቅበታል።"

እንዴት ቀላል ነው! አዎ ልል አፌን ከፈትኩ።

እማዬ ግን ቀደመችኝ። የምትናገረው ለሰዒድ ነው፤ የምታየው እኔን ነው።

"ልጄ፣ አምላክ ይስጥልኝ። ግን ተው። በጠላት ጊዜ ሹማቸው በመንገድ ባለፈ ቁጥር ቀኝ እጃችንን ዘርግተን እንድንቆም ያስገድዱን ነበር፤ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። አምስት ዓመት እጄን አንሥቻለሁ። በግድ የተነሣ እጅ ምን እንደሚመስል ዐውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ባንዲራ ለማየት አይደለም ከደሴ የመጣሁት።"

ሰዒድ አንገቱን ደፋ። "እውነትሽን ነው፣ እትዬ አሰጋሽ" አለ።

እኔ የበዓሉን ትርጉም ሦስት መስመር ሙሉ ጽፌ ነበር። እሷ ያለችው በሦስቱም ውስጥ አልነበረም።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ወደቡን አስጎበኘኋት። ጀልባዎቹን፣ ሳምቡክ የሚባሉትን የየመን ባለሸራ ጀልባዎች፣ የቡናውን መጋዘን። በአስተዳደሩ ደጅ የኛንና ሰማያዊዋን የኤርትራን ባንዲራ ጎን ለጎን አየች። አቶ ወሰኔ ከወንበራቸው ተነሥተው እጅ ነሧት። ሰው ሲያከብራት ደስ ይለኛል። "ከተማውን ያሸበረው ልጄ እንዴት ይሠራል?" አለቻቸው። "ከአንድ ቀን በቀር በደንብ" አሉ። ሁለቱም ሳቁ። በኔ።

የሰዒድ ሰዎች እንደወትሮው ይሠራሉ። እንዲያውም ይፈጥናሉ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 26

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻው ጆንያ ወጣ። ሮዛልባ ጨረሰች። ሰዒድ ከሩቅ እጁን ዘረጋልኝ፤ ምን ላድርግ እንደማለት።

ወረቀቷን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በአንድ ፊርማ ዛሬ ማታ መውጣት ትችላለች። ወረቀቱን ማዘግየትም በእጄ ነበር፤ አንድ ማኅተም ብረሳ… አልረሳሁም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ተፈርሞ ላኩት። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የላክሁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ፀሐይ ገባች። መልሕቋን አላነሣችም።

ለምን? ነፋስ ፈርቶ ነው? ወይስ ጠዋት መውጣት ይቀልለዋል? ለእማዬ ምንም አልነገርኳት። እሷም አልጠየቀችኝም። ነገ የምትለብሰውን ቀሚስ ከሻንጣዋ አውጥታ አልጋ ላይ ዘርግታዋለች። የአባባን የነሐስ ዘለበትም አየሁት፤ ከቀበቶው የቀረ። እሱን ይዛ መምጣቷን አላውቅም ነበር።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 27

በቅደም ተከተል ልጻፍ። እንዳይጠፋብኝ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እማዬ ለብሳ ጨርሳ ቁጭ ብላለች። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ። ጫኞቹ በሙሉ መጥተዋል፤ ሥራ የለም፣ ማንም አልጠራቸውም፣ ግን መጥተዋል። ከበደች አለች። ዓሊዪ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ሽርጥ ታጥቋል፤ ነጭ ለብሶ አይቼው አላውቅም። ተማሪዎች ተሰልፈዋል። እማዬ የቡና ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ዘለበቷን በመዳፏ ይዛ።

ሁለት ሰዓት። በአስተዳደሩ ግቢ ጥሩምባ ተነፋ። ኖርዌዩ ወዲያው አወጣው፤ ባንዲራውም ጨርቁም ባንድ ጊዜ ሽቅብ በረረ። ትላንት የገባ የእንግሊዝ መርከብም እንደዚያው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ሮዛልባ ባዶ።

አምስት ደቂቃ… አሥር ደቂቃ። ሰው ኖርዌዩን ማየት ትቶ ሁሉም እሷን ያያል። አቶ ወሰኔ ሰዓታቸውን አዩ፤ ወደ ኪስ መለሱት። አንድ ተማሪ ሌላውን ጠየቀ፤ መምህሩ ዝም አሰኘው። እኔ እማዬን ማየት ፈራሁ። ይቅርታ ልላት ነበር። ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼዋለሁ።

ያኔ ሰዒድ "እዩ!" አለ።

ከመርከቧ ላይ ሰዎች ወጡ። ተሰለፉ። ጨርቅ አልደረደሩም፤ አንድም። አዛዡ ወጣ፤ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ቆቡን አውልቆ። ከዋናው ምሰሶ ሥር ራሱ ቆመ። ገመዱን ራሱ ያዘ። ትልቁ ባንዲራችን መውጣት ጀመረ። ቀስ… ቀስ ብሎ፣ ክንድ በክንድ። በአሥራ ዘጠኝ ዕለት እንደዚያ አልነበረም፤ ያኔ እንደ ልብስ ማስጫ ነበር የሰቀሉት። ዛሬ ገመዱን ሲስብ ሰውየው ራሱ የሚያነሣው ክብደት ያለው ይመስል ነበር። ጫፍ ሲደርስ ነፋስ ያዘውና ተዘረጋ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ባዶ ሰማይ ላይ ብቻውን።

ባዶ ራሱን ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጫኞቹ ፎከሩ፤ ጉሮሯቸው እስኪነቃ። ዓሊዪ ተነሥቶ ቆመ፤ አልጮኸም፣ ቆመ ብቻ። እኔ… ኮራሁ። በቃ ኮራሁ። በዚህ ዳርቻ፣ በሩ በተከፈተበት በዚሁ ቦታ፣ ባንዲራችንን በገዛ ፈቃዱ የሰቀለው ማን እንደሆነ እያየሁ ኮራሁ። አባቴ ቢያየው።

እማዬ አላለቀሰችም፣ እልልም አላለችም። ከጆንያው ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። ዘለበቷን ወደ ባሕሩ ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ለሰው የምታሳይ ይመስል። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"ቀስ ብሎ ሰቀለው" አለች። "ዐውቆታል ማለት ነው።"

ሮዛልባ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ወጣች። መርከብ ከወደብ ሲወጣ የአስተናጋጁን አገር ባንዲራ ያወርዳል፤ ደንቡ ነው። ከዓይናችን እስክትጠፋ አላወረደውም።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 29

እማዬ ጠዋት ተሳፈረች። ሰዒድ ራሱ ከነጂው አጠገብ ቦታ ያዘላት፤ ከጆንያ ላይ አይደለም። ለዲያቆኑ ምን ብዬ ልንገረው አለችኝ፤ እሱ ይጽፍልኛል፣ አንተም አንብበህ ታስተካክላለህ። ያየሽውን ንገሪው አልኳት። "ቀኑን ግን እኔ ነኝ የምነግረው" አለች። ተሳለቀችብኝ።

ከሰዓት በኋላ የከርሞውን ማስታወቂያ ረቂቅ ጻፍኩ። ገና ዓመት ቢቀረውም ልቤ ሳይቀዘቅዝ ብዬ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ አንዱን ከአንዱ ሥር። ሦስቱን መስመር መለስኳቸው። አራተኛም ጨመርኩ፤ ለዓሊዪ። ይህ ወደብ ያ ሁሉ የተጀመረበት በር መሆኑን፣ እዚህ ለኖሩት ሰዎች ዘመኑ አምስት ሳይሆን ሰባ ዓመት እንደነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ "ባንዲራችንን መስቀል ግዴታ አይደለም፤ የሚሰቅል ግን ምን እንደሚሰቅል እንዲያውቅ ይህን ጽፈናል።"

አቶ ወሰኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አጠለቁ። አንድ ጊዜ አነበቡ። መልሰው አነበቡ። ቀይ እስክሪብቶውን አነሡ። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ክንዴ ላይ ፎጣው ተንጠልጥሏል፣ ላቤ ይንቆረቆራል…

አንድ ቃል ብቻ ሰረዙ። "ባንዲራ" የሚለውን። ከላዩ በእጃቸው "ሰንደቅ ዓላማ" ብለው ጻፉና ከታች ፈረሙበት።